የጋሼ ጥላዬ የጫማ ክር

ሥራ የለቀቅሁ ዕለት መጀመሪያ የተረከቡኝ ጫማውን ነው። ቀጥሎ ጃኬቱን፣ ቀጥሎ ፊሽካውን። የሆቴሉ ንብረት ነው፣ ምን ይባላል። ደግሞስ ያ ሁሉ ክር ያለው የተራራ ጫማ ቤቷ ለምትቀመጥ ሴት ምን ይሠራላታል? ፊሽካው ብቻ ትንሽ ቆጨኝ፤ ለምን እንደቆጨኝ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። ባልደረቦቼ የበግ ጠጉር ባና አለበሱኝ፣ ጠላ ጠጣን፣ ሥራ አስኪያጁም ተነስቶ «እትዬ ዘነቡ የዚህ ተራራ እናት ናቸው» አለ። ተራራው እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው፤ ቢሆንም ሰው ሲያሞግስ መሟገት ደግ አይደለምና ተቀበልኩ። ከዚያ ለጭቃና ለገበያ የማደርጋትን የጎማ ቦቲዬን አጥልቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያስወጣኝ ጉልበቴ ነው። ቀኙ። ሽቅብ ሲሉት እሺ ይላል፣ ቁልቁል ሲሆን ያስለቅሰኛል። የመንገድ መሪ ተብዬ በእንግዳ ትከሻ መደገፍ ስጀምር፣ በቃሽ አልኩ ለራሴ። አንድ ነገር ግን ሳልጨርስ ወጥቻለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝን ጋሼ ጥላዬን ንፋስ አምባ ጫፍ ላይ አንድ ጊዜ መልሼ ማውጣት ፈልጌ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ተራራውን አልረገጡትም፤ ከሱ የተለያዩትም በድንገት ነው። «እንግዲህ ሳልሰናበተው ልሄድ ነው» ይሉኛል። እሳቸው እያረጁ፣ የእኔም ጉልበት እየባሰበት፣ ከሁለታችን ማን ቀድሞ እንደሚቀር እያሰብኩ ስንት ዘመን ቆየሁ።

ሆቴላችን ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የደጋው ሜዳ አልቆ ገደሉ ሳይጀምር ያለ ነው። ከበሩ ሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው ወደ ታችኛው ጎጆ ይሄዳል፤ በጓሳው ሣር መሀል የሚያልፍ፣ ለልጅም ለሽማግሌም የሚሆን ለጥ ያለ መንገድ ነው። ወደ ላይኛው ጎጆ የሚወስደው ግን ልብ ያፈርሳል፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል የሚበዛው፣ ቀይ ቀበሮም ጠዋት ጠዋት አይጥ ስታድን የምትታየው በዚያ በኩል ነው። ከላይኛው ጎጆ የተነሳ ደግሞ ንፋስ አምባ ጫፍ ላይ ይወጣል። እዚያ ሲቆሙ ደጋው ከእግር ሥር ቁርጥ ይላል፤ ታች ቆላው ተዘርግቶ፣ ከገደሉ ሥር የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ጎጆዎቹ የድንጋይ ግንብ፣ የጓሳ ክዳን ናቸው፤ ምድጃና መደብ ስላላቸው እንግዳ ያድርባቸዋል።

እኔ የተቀጠርኩት አንሶላ ለማጠብ ነው። መሪው ጋሼ ጥላዬ ነበሩ። ድሮ የጓሳውን ሣር ያለጊዜው እንዳይታጨድ የሚጠብቁ ሰው ስለነበሩ ሆቴሉ ሲከፈት ሌላ ሰው አልተፈለገም። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ «ሴት አብራኝ ካልወጣች አልወጣም» ብላ ድርቅ አለች። ሥራ አስኪያጁ ግራ ሲገባው ጋሼ ጥላዬ ወደ ማስጫው ገመድ በበትራቸው አመለከቱና «ያቺ አንሶላ የምታሰጣው ትምጣ። ከንፋሱ ጋር ስትታገል ሳያት ነው የከረምኩት፣ አልተሸነፈችም» አሉ። እኔ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ሄድኩ፤ በዚያው ቀረሁ። ሰፈር ውስጥ «ዘነቡ ፈረንጅ ትነዳለች» ተባለ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ከብት ከመንዳት አይከፋም፣ ቢያንስ ሰው እህል ውስጥ አይገባም» ብሎ አሳቀኝ። እንግዳ ስንዴ ውስጥ ሲገባ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አለቆቼ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ሰው፣ ብርድ ጠላቱ፤ ተራራውን በመስኮት ነው የሚያውቀው። ግን ደግ ሰው ነበር፤ ዘግይተን ስንመለስ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። ሁለተኛዋ የደብረ ብርሃን ሴት ናት፣ ቆፍጣና። ለሁላችን የተራራ ጫማ ያስመጣችልን እሷ ናት፤ ማታ ማታ ተረከዛችንን እያስገለጠች ታይ ነበር፣ የጋማ ከብት እንደሚገዛ ሰው። በሦስተኛው ላይ በኋላ እመጣለሁ። ደሞዙን በተመለከተ፣ ደሞዝ ነበር።

ጋሼ ጥላዬ ሲያስተምሩ አያስተምሩም። «እዚህ ጋ ተመልከቺ» ብለውኝ አያውቁም፤ ከኋላቸው ሄጄ ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁት ቀረብኝ። እርጥብ ጓሳ ላይ ቁልቁል ሲወርዱ ሣሩን ሳይሆን የሣሩን ጉቶ ይረግጣሉ፤ ሣሩ ያንሸራትታል፣ ጉቶው ይይዛል። ጫማ የላጠው ተረከዝ ሲያጋጥማቸው ከኪሳቸው ያልተፈተለ የበግ ጠጉር አውጥተው ካልሲው ውስጥ ይወትፋሉ። ጉም ከቆላ ሽቅብ ሲነሳ ከማንም በፊት ያውቃሉ፤ አፍንጫቸውን ነፋ ያደርጉና «ልንለብሰው ነው» ይላሉ። ጉም ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደል አይርቅም፣ ፊት ለፊት ጭላዳ ከተንጫጫ መንገዱ አልቋል ማለት ነው። ከሁሉም የተማርኩት ግን ሰው ማሳረፍን ነው።

ዳገት ላይ እንግዳውን ወሬ ያስይዙታል። «ስለ አገርህ ንገረኝ እስቲ» ይሉታል። ሰውየው ያወራል፣ ያወራል፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይቆርጣል፤ ትንፋሽ አጠረው ማለት ነው። ይሄኔ ጋሼ ጥላዬ «ኧረ ይሄ ጫማ፣ ተፈታብኝ» ብለው ይንበረከካሉ። ቀስ ብለው ያስራሉ። ይፈቱታል፣ እንደገና ያስራሉ። እንግዳው በዚህ መሀል ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ፎቶ ያነሳል። እሳቸው ሲነሱ እሱም ወንድ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

መጀመሪያ እውነት መስሎኝ «ጋሼ፣ ይሄን ክር ለምን አዲስ አይገዙለትም?» አልኳቸው።

«ምን ሆነና?»

«ሁልጊዜ ይፈታል።»

እግራቸውን ዘረጉልኝ። ክሩ ድርብ ቋጠሮ ነው፤ በሬ ቢስበው አይፈታም። «ሰውን ደክሞሃል ወይ ብትዪው አልደከመኝም ይላል» አሉኝ። «እየዋሸ ይወጣል፣ ከዚያ ይወድቅብሻል። ካንቺ የተነሳ ያረፈ ሲመስለው ግን ደስ ብሎት ያርፋል። ኩራቱን ምን አስነካኝ።»

ከዚያ በኋላ እኔም ዳገት ላይ መንበርከክ ጀመርኩ። በሥራ ዘመኔ ያሰርኩትን ክር ለቅማችሁ ብትቀጥሉት መሐል ሜዳ ይደርሳል።

ወደ ሦስተኛው አለቃ ልምጣ። ጎበዝ ነበር፣ አልዋሽም፤ ጎጆዎቹን ያሳደሰ እሱ ነው። እንግዶች ያለ መሪ ብቻቸውን መሄድ ይወዳሉና መንገዱን እስከ ጫፍ ድረስ በድንጋይ ቁልል እናመልክት አለ። ሁላችንም ወደድነው። ከሁላችን የወደዱት ግን ጋሼ ጥላዬ ናቸው። ድንጋዩን በእጃቸው እየመረጡ፣ ጠፍጣፋውን ከታች፣ ሾጣጣውን ከላይ አድርገው ከላይኛው ጎጆ እስከ ንፋስ አምባ ደረደሩት። እንዲያ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ለምን እንደተደሰቱ የገባኝ በኋላ ነው።

ኅዳር ማርያም ደረሰች። በዚያ በኩል ለንግሥ የሚመጣው ሰው ከሩቅ፣ ከዘመሮ ድረስ ነው የሚመጣው፤ ገደሉን ወርዶ ነው ቤተ ክርስቲያኗ የሚደርሰው። በአገራችን መንገደኛ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ከታየችበት ቦታ ላይ ቆሞ ይሳለማል፣ አንድ ድንጋይም አንስቶ ያኖራል። መሳለሚያ ይባላል። እንግዲህ ሕዝቡ ያንን ሁሉ ቁልል ሲያይ ምን ይበል? ጥሩ መሳለሚያ ተሠራ አለ። ተሳለመ፣ ድንጋይ ጨመረ። ማርያም ደግሞ ቁልጭ ብላ የምትታየው ከእኛ መንገድ ሳይሆን ወደ ገደሉ አፋፍ ጠጋ ሲባል ነው፤ ስለዚህ እዚያም አዲስ ቆለሉ፣ ከእኛ የበለጠ። ጥር ላይ በአስተርእዮ ማርያም ደግሞ ጨመሩበት። አንዷ ልጇ ስለዳነላት፣ አንዷ እንዲድንላት። እኛም አይተን «ሕዝቡ እንዴት አሳመረልን» አልን። ሁላችንም መሳለሚያ እየለየን ያደግን ስለሆንን፣ አንዱን ከሌላው የማይለይ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በበልግ አንድ ቀን ጋሼ ጥላዬ ዮናስ የሚባል የአዲስ አበባ ጎልማሳ ይዘው ወጡ። እኔ ሌሎች እንግዶች ይዤ ላይኛው ጎጆ ላይ ነበርኩ። ከቀትር በኋላ ጉሙ ተነሳና በሩን እንኳ ደፈነው። ከዚያ ፊሽካ ሰማሁ። የጋሼ ጥላዬ ፊሽካ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ የሚመጣው ግን መንገድ ከሌለበት፣ ከገደሉ በኩል ነው። መጀመሪያ ጉም ድምፅ ያጣምማል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሁለተኛ ሲነፋ ግን ተነሳሁ። እንግዶቹን ከምድጃው አትነሱ አልኩና የጎጆዋን ጠባቂ አስከትዬ፣ ከጓሳ የተገመደ ገመድ ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወጣሁ።

አፋፉ ጋ በደረቴ ተኝቼ ነው ወደ ታች ያየሁት። ከእኛ ሁለት ሰው ቁመት ዝቅ ብሎ ሣር የበቀለባት ደረጃ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ዮናስ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ተቀምጧል፣ ጋሼ በርኖሳቸውን አልብሰውታል። ጋሼ ጥላዬ በአንድ እጃቸው የሱን ቀበቶ፣ በሌላው አንድ የአስታ ቁጥቋጦ ሥር ይዘዋል። «ማነሽ?» አሉ። «ዘነቡ ነኝ» አልኩ። «ልጁን አስቀድሚ» አሉኝ። አስቀደምን። እሳቸውን ስንጎትት መዳፋቸው ተልጦ ገመዱን በደም ነከረው።

«ጋሼ፣ ምን ልትሠሩ ወደዚህ መጣችሁ?» አልኳቸው።

«ቁልሉን ተከትዬ ነው።»

«ይሄ እኮ የኛ አይደለም። መሳለሚያ ነው።»

 እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዮቹን ዳሰሱ። «ጭላዳዎቹን ሰምቻቸው ነበር» አሉ። «ፊቴ ላይ ነበር የሚንጫጩት። እኔ ግን ቁልሉን አመንኩ።»

«ጉሙ ነው፣ ጋሼ።»

«ጉሙ አይደለም ልጄ። ዓይኔ ነው።»

ለካ ከደከመ ቆይቷል። ለልጆቻቸውም አልነገሩ፣ ለእኔም። ቁልሉን እንዲያ የወደዱት ለዚህ ነበር፤ በእግራቸውና በበትራቸው እየነኩ ነው ሰው ሲመሩ የከረሙት። ያን ሁሉ ጊዜ ከኋላቸው እየሄድኩ አላወቅሁም። ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወስደናቸው ነበር፣ ቀድማችሁ ብታመጧቸው ተባልን። ዮናስ እግሩ ድኖ በኋላ ደውሎ ጠይቋቸዋል፤ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። እሳቸው ግን ስልኩን ከዘጉ በኋላ አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ሥራ አስኪያጁ የአፋፉን ቁልል በሙሉ አፍርሱ ብሎ አዘዘ። እውነቱን ነው፣ ሰው ሊሞት ነበር። ግን ማን ይንካው? ሠራተኛው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አንዷ የወጥ ቤት ሠራተኛ «ለልጄ ብዬ ያኖርኩትን ድንጋይ እኔው ልጣለው?» አለች። ነገሩ ሲጠና የማርያም አገልጋይ መምሬ አስራት ተጠሩ፤ የአገሩም ሰው መጣ። ወሬው ወደ ማን ጥፋት ነው ሲያዘነብል ጋሼ ጥላዬ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ማንንም አትውቀሱ። ሕዝቡ ለማርያም ነው የቆለለው፣ እኔ ነኝ ሳላይ ሰው የመራሁ» አሉ። ከዚያ ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው ወደ ተቀመጥኩበት መጡ፤ እየዳበሱ አገኙኝና አንገቴ ላይ አጠለቁት።  ያ ነው ፊሽካው።

መምሬ አስራት «የተሳለሙበትን ማፍረስ አይሆንም» አሉ። «ደግሞ ሰው ገደል አይግባ። ቁልሉ ይቆይ፣ የናንተ መንገድ ይዙር።» ሥራ አስኪያጁ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ከዚያ ሳቀና «ይዙር» አለ። በአስታው ጫካ በኩል አዲስ መንገድ አወጣን፤ ረዘም ይላል፣ እንግዳ ያማርራል። ዛሬ ምልክቱ ድንጋይ ላይ የተቀባ ቀይ ቀለም ነው፣ ወጣቶቹም ስልካቸው ላይ ያዩታል። ጥሩ ነው። ቀለም ላይ ማንም አይሳለምም።

ጋሼ ጥላዬን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። በበቅሎ ልውሰድዎ ስላቸው «በበቅሎ ተጭኜ ከሄድኩ ምኑን ተሰናበትኩት» ይላሉ። በእግር ልውሰድዎ ስል ደግሞ ሆቴሉ ዓይነ ስውር ሰው በሥራ ሰዓት አትመሪም፣ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል ይለኛል። እሱም አልተሳሳተም። ሥራ በለቀቅሁ በሳምንቱ ግን የማንም ሠራተኛ አልነበርኩም። በራቸው ላይ ሄጄ «ጋሼ፣ ጠዋት እንወጣለን» አልኳቸው። ምንም አልተከራከሩኝም። ልጃቸው በኋላ እንደነገረችኝ ሌሊቱን ሙሉ ጫማቸውን አቅፈው ነው ያደሩት።

ውርጩ ሳይቀልጥ ተነሳን። በትራቸውን እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ይዘን። አዲሱን መንገድ አያውቁትም ነበርና እንደ እንግዳ ይጠይቁኛል፣ እኔም እነግራቸዋለሁ። አስታው ጋ ስንደርስ «ይሄን እንኳ አትንገሪኝ፣ ሸቶኛል» አሉ። ከላይኛው ጎጆ በኋላ ያለው ዳገት ላይ ወሬ አስያዝኳቸው። በልጅነታቸው የጓሳው ሣር ሲከፈት አጫጁ ሁሉ እንዴት እንደሚሽቀዳደም ያወሩልኝ ጀመር። አማረላቸው፣ ቀጠሉ፣ ቀጠሉና «የዚያን ለት አባቴ ማጭዱን…» ብለው ቆሙ። አልጨረሱትም።

«ኧረ ይሄ ጫማ፣ ተፈታብኝ» አልኩና ተንበረከክሁ።

ቆመው ጠበቁኝ። ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። ትንሽ ቆይተው ጎንበስ አሉና በትሩን ይዘው እጃቸውን ወደ ታች ሰደዱ፤ እግሬን ነኩ። ቦቲዋን። ከአውራ ጣቴ ጀምረው እስከ ባቴ ድረስ ያንን ልሙጥ ጎማ ዳሰሱት። ፊቴ በእፍረት ጋለ። እጃቸውን ቶሎ አላነሱም።

«ጠበቅ አርገሽ እሰሪው» አሉኝ። «ዳገቱ ገና ነው።»

ጫፍ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። «ትታያለች?» አሉኝ። «ትታያለች፣ ጋሼ። ቆርቆሮዋ እያብለጨለጨ ነው» አልኳቸው። ላዞራቸው ስል እሳቸው ቀድመው ንፋሱን በቀኝ ጉንጫቸው አድርገው ልክ ወደ እሷ ዞሩ። ተሳለሙ። ከዚያ ተቀምጠው ዙሪያቸው ያለውን ሣር በእጃቸው እየዳበሱ ብዙ ቆዩ፤ ምን እንዳሉት አላዳመጥኩም። ስንነሳ ፊታቸው እንባ ነበር፣ ግን ይስቁ ነበር። እኔም እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴ ጀመረው። ጥርሴን ነክሼ «እዚህ ጋ ጉቶ አለ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ፣ እዚህ…» አልኩና ድምፄ ተቆረጠ። በትሩ ከኋላዬ ያዝ አደረገኝ።

«ቆይ ዘነቡ» አሉ ጋሼ ጥላዬ። «ጫማዬ ተፈታ።»

ቀስ ብለው ተንበረከኩና ክራቸውን ይዳስሱ ጀመር። ዞር ብዬ አየሁት፤ ድርብ ቋጠሮ ነው፣ እንደ ድሮው። አጠገቤ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን ዘረጋሁ።

«አይቸኩሉ ጋሼ» አልኳቸው።